በክረምት ሥራ ልጆቻችን አጠገብ ማን አለ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ሥራ መግባታቸው አዲስ ነገር አይደለም። ሱቅ የሚቆሙ አሉ፤ ሸቀጥ የሚያዞሩ አሉ፤ ሰው ቤት የሚሠሩም አሉ። ዛሬ የማነሣው ልጅቷ ከዚያ ክረምት ምን ይዛ ትወጣለች የሚለውን ነው።

ገንዘቡ ይጠቅማል፤ ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል። ነገር ግን እስከ መስቀል አይቆይም። የሚቆየው ከሚያውቅ ሰው የተማረችው ነው።

በማውቀው በሒሳብ ሥራ ላስረዳ። ብዙ ድርጅት ሒሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ ልጆቹ በሚያርፉበት ሰሞን ንብረት ይቆጠራል፤ ደረሰኝ በቀንና በቁጥር ይደረደራል፤ የባንክ መግለጫ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል። የ16 ዓመት ልጅ ይህን ማገዝ ትችላለች። "ደርድሪ" ብቻ ከተባለች ግን መደርደር ተምራ ትሄዳለች። "ይህ ቁጥር ለምን ተዘለለ? ደረሰኙስ የት ሄደ?" የሚላት ሰው ካለ የማስረጃ ጥቅም ይገባታል። ሳትቆጥር አትፈርምም፤ ያልገባትን መጠየቅ አታፍርም። የሚያስቸግራት ሰው ቢኖርም የምትነግረው አላት። በልብስ ስፌትም በምግብ ቤትም ያው ነው።

ሕጉንም እንወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። 15 ሞልቷቸው 18 ያልሞላቸው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠሩም። ትርፍ ሰዓት፣ የሌሊት ሥራ፣ በሳምንት ዕረፍትና በበዓል ቀን ማሠራትም ክልክል ነው። "እየተማረች ነው" ብሎ ደመወዝ ማስቀረትም ለእኛ ማኅበር አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሥራ ያላችሁ አባላት፣ ዘንድሮ አንድ አንድ ልጅ ተቀበሉ፤ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ የሠራችውን አነጋግሯት፤ መስከረም ሲጠባም ወደ ትምህርቷ ሸኟት። ወላጆች፣ ደመወዙን ከእጇ አትውሰዱ፤ ገቢና ወጪዋን አብራችኋት ጻፉ። ደጋፊዎቻችን፣ የልጆቹን የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ብትሸፍኑልን ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ አባሎቻችንም ልጅ መቀበል ይችላሉ።

ልጅ ለመቀበል የምትፈልጉ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ።