በማዳመጫ የሚመጣ እንግዳ

«ፎርትናይት» በተባለው፣ በአንድ ግጥሚያ እስከ 100 ተጫዋች የሚሰለፍበት የኢንተርኔት ጨዋታ፣ ለሕፃናት ልቡና ከሚሰማው ተኩስ ይልቅ የሚያሰጋው በማዳመጫው በኩል የሚመጣው የማይታወቅ ሰው ቃል ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2022 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ክስ፣ የድምፅና የጽሑፍ መነጋገሪያው ለልጆች ሳይቀር ከመነሻው ክፍት ሆኖ መሠራቱን ነቅፎ፣ የጨዋታው ባለቤት ኤፒክ ጌምስ የሕፃናትን የግል ምሥጢር ስለ መድፈሩ 275 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና መነጋገሪያው ለልጆች ተዘግቶ እንዲጀምር ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ዕድሜውን ጨምሮ የተመዘገበ ልጅ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ ወላጅ አስቀድሞ የተመዘገበውን የልደት ዘመን መርምሮ፣ ወደ ወላጅ መቆጣጠሪያው ገብቶ የድምፅ ንግግሩን ከዘጋ ወይም ለወዳጆች ብቻ ከፈቀደ በኋላ፣ የመቆጣጠሪያውን ባለ 6 አሃዝ የምሥጢር ቍጥር ለራሱ ያኑር። «ነጻ ስኪን (የጨዋታ ልብስ) ልስጥህ፣ ዲስኮርድ (ሌላ መነጋገሪያ) ላይ እንገናኝ፣ ለእናትህ ግን እንዳትነግራት» የሚል ባልንጀራ ብቅ ያለ እንደ ሆነ፣ ቁጣ ልጁን ወደ ዝምታ ይመራዋልና፣ ስልኩን ከመንጠቅ ይልቅ የሰውየውን መለያ ስምና መልእክቱን በስክሪንሾት አስቀርቶ፣ ለጨዋታው አስተዳዳሪዎች አመልክቶ፣ ከዚያ በኋላ ማገድ ይገባል።