ስቱኮ የማይደብቀው ስብራት፦ ከግጭት በኋላ የፋይበር ግላስ ኮፈን ጥገና

(በቃሊቲ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ጽሑፍ)



የምንገኝበት ቃሊቲ የብረት አካባቢ ነው። ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው ነባሩ መንገድ ያልፍበታል፤ የቃሊቲ ብረታ ብረት ፋብሪካም ይገኝበታል። የመኪና ጥገና ሙያችን ቋንቋም ከብረት ጋር የመጣ ነው፤ ኮፈን፣ ላሜራ፣ ስቱኮ የምንላቸው ቃላት መነሻቸው ጣሊያንኛ ነው። ከቃላቱ ጋር አንድ ልማድ አብሮ ሰርጿል፤ የተጎዳው ላሜራ ተቀጥቅጦ ይቃናል፣ የቀረው ጉድለት በስቱኮ ይሞላል። ይህ ልማድ ለብረት ትክክል ነው። ለፋይበር ግላስ ግን ትክክል አይደለም፤ ስሕተቱም የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ልዩነቱ ከቁሱ ባሕርይ ይመነጫል። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፤ መዶሻ የሚያቃናውም ሳይሰበር ቅርጹን መለወጥ ስለሚችል ነው። ፋይበር ግላስ በሬዚን የተያያዘ የመስታወት ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣችው ሸቭሮሌት ኮርቬት አካሏ በዚህ ቁስ ተሠርቶ ለገበያ ከቀረበች ወዲህ በመኪና ሥራ ታዋቂ ሆኗል፤ ዛሬም በአውቶቡሶች የፊትና የኋላ አካል ላይ በብዛት ይታያል። የመስታወት ክር አይጎብጥም፤ ይበጠሳል። ሬዚኑ ይሰነጠቃል፣ ንብርብሮቹም እርስ በርስ ይላቀቃሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በዓይን ከሚታየው ስንጥቅ ይሰፋል። ወሰኑን ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ በሳንቲም ጫፍ ማንኳኳት ነው፤ ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ያሰማል።

ስንጥቁን ከላይ በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ለምን አይበቃም? ክሩ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ ጭነት ከአሮጌው ክር ወደ አዲሱ የሚሻገረው በሬዚኑ በኩል ብቻ ነው። ሬዚን ደግሞ ከክሩ እጅግ ደካማ በመሆኑ ሰፊ መገናኛ ይፈልጋል። ስለዚህ የስንጥቁ ዳር ቀስ በቀስ እየሳሳ እንዲሄድ ይሞረዳል። በሙያው የተለመደው ልክ የውፍረቱ 12 እጥፍ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ኮፈን በእያንዳንዱ ወገን 36 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በንጹሕና በደረቅ ገጽ ላይ በሬዚን የራሰ የክር ንጣፍ በየንብርብሩ ይለጠፋል፤ አየሩም በሮለር ይወጣል። ከውስጥ በኩል ተጨማሪ ንጣፍ መደገፍ ያስፈልጋል። ስቱኮ የሚመጣው በመጨረሻ፣ ገጹን ለማስተካከል ብቻ ነው።

የአካባቢያችን አየርም ግምት ውስጥ ይግባ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን ፖሊስተር ሬዚን ቶሎ አይደርቅም። ያን ጊዜ ማድረቂያውን ያለ ልክ መጨመር ያጓጓል። የተለመደው መጠን ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ውሕዱ ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ተሰባሪም ይሆናል። መፍትሔው ፀሐይ እስክትሞቅ መጠበቅ ወይም ሥራውን በሞቀ ክፍል ማከናወን ነው።

የሠራተኛው ጤና ከኮፈኑ ይቀድማል። ሲሞረድ የሚነሣው የመስታወት ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፣ ቆዳን ያሳክካል፤ የሬዚኑ ትነት ያዞራል፤ ማድረቂያው ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። በፋሻ ወይም በነጠላ አፍንጫን መሸፈን አይበቃም። ለብናኝም ለትነትም የሚሆን የመተንፈሻ መከላከያ፣ መነጽር፣ ጓንትና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ግዴታ ናቸው። ማድረቂያውና ኮባልት የተባለው አፋጣኝ በቀጥታ እርስ በርስ ከተቀላቀሉ ሊፈነዱ ይችላሉ።

መጠገን የማይገባው ኮፈንም አለ። ማጠፊያውና መቆለፊያው የታሰሩበት ሥፍራ ከተሰነጠቀ ወይም ንብርብሩ ከተላቀቀ፣ መለወጡ ይመረጣል። በፍጥነት መንገድ ላይ ነፋስ ኮፈኑን ገልጦ ከመስታወቱ ጋር ሲያጋጨው ሾፌሩ የሚያየው መንገድ የለም።

ውድ ተማሪዎች፤ ቀጥቃጮቻችን ብረትን በጆሮና በእጅ ያውቁታል። እኛ ዕዳችን ያንን ብልሃት ማቃለል ሳይሆን የአዲሱን ቁስ ሕግ በሚያውቁት ቋንቋ ይዘን ጋራዣቸው ድረስ መሄድ ነው። ለመኪናው ባለቤትም አንድ ጥያቄ እናስተምረው፤ «ቀለሙ እንዴት ነው?» ከማለቱ በፊት «ከውስጥ በኩል አሳየኝ» ይበል።