ጭሱ የጠፋ ከሰል

ክረምቱ ገብቷል፤ የአዲስ አበባ ብርድም ማታ ማታ በርና መስኮት ያዘጋል። ራት የተሠራበት ከሰል ቤቱን እንዲያሞቅ ከነማንደጃው መኝታ ክፍል ይገባል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

ብዙዎቻችን «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ ወጥቶለታል» ብለን እንተኛለን። አደጋው ግን ከጭሱ ጋር አይወጣም። የጋመው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግዳል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛ ሰው ግን ምንም ሳይሰማው ራሱን ይስታል። ከሰሉን በአመድ ማዳፈንም አያድንም፤ ውስጥ ውስጡን መንደዱን ይቀጥላል። ቡና የተፈላባት ትንሿ ማንደጃም ያው ናት።

ስለዚህ ከመኝታ በፊት ማንደጃውን ደጅ አውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ በሩን ከፍታችሁ፣ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ሐኪም ቤት አድርሱት፤ በ939 የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንን ጥሩ።

ከሁሉ የሚያሳስበን መስኮት የሌለው ሰርቪስ ቤትና የጥበቃ ጎጆ ነው። አከራዮች፣ አሠሪዎች፣ ዛሬውኑ ብቅ ብላችሁ እዩ፤ ብርድ ልብስ የሌለው ካለም ጨምሩለት።