ሱስ በአንጐል ላይ ስለሚሠራው ሥራ
(ለትምህርት ቤታችን በዓል የተደረገ ንግግር)



በይጁቤ በገበያ ቀን የጤፉን ዋጋ በአረቄ ቤት ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አይታጣም። በማግሥቱ ይጸጸታል፤ ከነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ ይገዘታል፤ ወር ሁለት ወርም ይጠብቃል። ከዚያም አንድ ቀን በአረቄ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ ግዝቱን ያፈርሳል። እኛም «ወንድ አይደለም» ብለን እንፈርድበታለን። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. በካናዳ አገር በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ኦልድስና ሚልነር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአይጥ አንጐል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገቡ። አይጧ አንዲት ብረት በእግሯ በተጫነች ቍጥር ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ አንጐሏ ይደርሳል። አይጧም ብረቷን መጫን አልተው አለች። በኋላ በተደረገ ሌላ ምርመራ እህል ትታ ብረቷን የመረጠች አይጥ ተገኘች። ለአይጥ ማን ወንድነት የላትም ይላል?

በአንጐል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሥራውም እንደ ምግብና እንደ ውሃ ያለውን ጠቃሚ ነገር «አትርሳ፥ ድገመው» ብሎ ማስተማር ነው። አልኮልም፥ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም፥ የሲጋራው ኒኮቲንም በዚሁ በር ይገባሉ። እየተለመደ ሲሄድ ደስታው ያንሳል፥ ምኞቱ ግን ይጸናል፤ የአረቄው ሽታ፥ የጠጪ ጓደኛ ድምፅ ብቻ ይቀሰቅሰዋል። እምቢ ለማለት የሚረዳን በግንባር በኩል ያለው የአንጐል ክፍልም ይደክማል። ስለዚህ ያ ሰው ግዝቱን ያፈረሰው ንቆት አይደለም።

ይህ የግንባር ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ ያድጋል፤ እኛ ተማሪዎች ገና ነን ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። በአረቄ ቤት ደጃፍ ግን ዕድሜ ሲጠየቅ አላየሁም።

ለወላጆች አንድ አደራ አለኝ። ብዙ ዓመት በየቀኑ የጠጣን ሰው ቤት ቈልፋችሁ በአንድ ቀን እንዲተው አታስገድዱት። አንጐሉ ከአልኮሉ ጋር ተስማምቶ ኖሯልና፥ ድንገት ሲቀርበት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንደሚጥል በሽታም ሊጥለው፥ ሊገድለውም ይችላል። ሐኪም ግን ይህን ክፉ ሳምንት በመድኃኒት ያሻግረዋል። ከዚያም ናልትሬክሶን እንደሚባለው ያለ፥ የመጠጥን ጣዕምና ምኞት የሚቀንስ ኪኒን አለ፤ የባለሙያ ምክርም ይጨመርበታል። ደግሞ ቢወድቅ እንደገና ይታከማል፤ ወባ የተመለሰበትን ሰው ማንም አይሰድብም። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ በመኪና ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል።