ገጹን ሳያድሱ የኤክሴል ፋይል ማውረድ



አንድ የሬጅስትራር ሠራተኛ የተማሪዎችን ዝርዝር በትምህርት ክፍልና በዓመት ለይቶ «አውርድ» የሚለውን ሲጫን ገጹ እንደ አዲስ ቢከፈት፣ የመረጠው ሁሉ ይጠፋበታል። ፋይሉ እንዲወርድ፣ ገጹ ግን ባለበት እንዲቆይ እንፈልጋለን።

ቀላሉ መንገድ የቆየው ነው። ሰርቨሩ በምላሹ ራስጌ ላይ ይዘቱ «አታችመንት» መሆኑን ካመለከተ፣ ብራውዘሩ ተራ ሊንክ ተከትሎም ቢሆን ፋይሉን ያስቀምጣል እንጂ ከገጹ አይወጣም። ጃቫስክሪፕት አያስፈልግም።

ጥያቄው በራስጌው የማንነት ማረጋገጫ ቶክን መያዝ ካለበት ግን ተራ ሊንክ አይበቃም፤ «ፌች» የተባለውን ተግባር እንጠቀማለን። ፌች ያመጣው በማኅደረ ትውስታ ይቀመጣል እንጂ በዲስክ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ባይቶቹን «ብሎብ» በሚባል ዕቃ ይዘን፣ ጊዜያዊ አድራሻ እንፈጥርለታለን፤ ከዚያም «ዳውንሎድ» የሚል ባሕርይ የተሰጠውን ሊንክ በኮድ እንጫናለን። ሥራው ሲያበቃ አድራሻውን መሰረዝ ይገባል፤ አለበለዚያ ገጹ እስኪዘጋ ድረስ ማኅደረ ትውስታውን ይዞ ይቆያል።

በዚህ መንገድ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ምላሹን እንደ ጽሑፍ ማንበብ ነው። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ የመጣው የኤክሴል ፋይል በውስጡ የዚፕ ጥቅል ስለሆነ፣ እንደ ጽሑፍ ሲነበብ ባይቶቹ ይለወጣሉ፤ ፋይሉም አይከፈትም።

ሁለተኛው ይብሳል። ሰርቨሩ 404 ወይም 500 ቢመልስ ፌች ምላሽ እንዳገኘ እንጂ እንደ ወደቀ አይቆጥረውም። የምላሹ ቁጥር ከ200 እስከ 299 መሆኑን ሳናረጋግጥ ከቀጠልን፣ የስሕተቱ መልእክት ራሱ የኤክሴል ስም ተሰጥቶት ይወርዳል። ሠራተኛው ፋይሉን እንዳገኘ ያምናል፤ እውነቱን የሚያውቀው ምናልባት የውጤት ማስረከቢያው ቀን ሲከፍተው ነው።

የገጹ መታደስ አሰልቺ ቢሆንም ስሕተቱን በስክሪኑ ላይ ያሳይ ነበር። እኛ መታደሱን ስናስቀር ያንን ምልክትም አብረን አስቀርተናል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ በሶፍትዌር ግን ዝምታ ጥፋትን ይሸፍናል። ስለዚህ «ፋይሉ እየተዘጋጀ ነው»፣ «አልተሳካም፤ እንደገና ይሞክሩ» ብሎ መናገር የፕሮግራም ጸሐፊው ግዴታ ነው። ተጠቃሚው ያላየውን ስሕተት ሊያርም አይችልም።