ከቆላ የመጣ ድንጋይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ቱም ከተማ ያለችበት የማጂ አገር ደጋ ነው። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሱርማ ቆላና ወደ አኮቦ ወንዝ ሲወረድ ግን ፀሐዩ የሚያነድድ፣ መንገዱ የሚያስጠማ አገር ይጀምራል። በወንዙ አሸዋ ውስጥ ወርቅ ስላለ፣ በበጋ ወራት ወጣቶች ገበቴና አካፋ ይዘው ወደዚያ ይወርዳሉ።

ከእነርሱ አንዱ የንስሐ ልጄ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ከረጢት ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና «አባቴ፣ ይባርኩልኝ፤ ወርቅ ነው» አለኝ። ድንጋዩ በእውነት ያብረቀርቃል። ለስንቁ እናቱ ጊደር ሸጣለች።

እኔ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ አንድ አንጥረኛ ቤቱ አሳድሮኝ ነበርና፣ ከእርሱ ያየሁትን አደረግሁ። ድንጋዩን በገል ጀርባ ፈተግሁት። ወርቅ ቢሆን ቢጫ መስመር በተወ ነበር፤ ይህ ግን ጥቁር ተወ። በመዶሻ ስመታው ተፈረካከሰ፤ ወርቅ ግን ይለጠጣል እንጂ አይሰበርም። ደግሞም ወርቅ ከውኃ 19 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ይህን መሳዩ 5 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። በገበቴ ሲያጥቡት ወርቁ ከታች የሚቀረው ስለዚህ ነው።

ልጁ አለቀሰ። ቀጥሎም የበለጠ ያስደነገጠኝን ነገረኝ፤ በእሑድ ቀን የወንዙን ዳር ከሥር ሲቦረቡሩ አፈሩ ተንዶ ባልንጀራውን እስከ ወገቡ ቀበረው፤ በእጃቸው ጭረው አወጡት። ይህ በአኮቦ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በወሎ ደላንታ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኦፓል ከተገኘበት ከወገልጤና አገር፣ በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተደርምሶ ወጣቶች ከውስጥ መቅረታቸውን ሰምተናል።

አንዳንድ ሽማግሎች ወርቅ ፍለጋ ራሱ ኀጢአት ነው ይላሉ። እኔ እንዲህ አልልም። ኦሪት ዘፍጥረት ፊሶን የሚከበውን የኤውላጥን ምድር ሲያነሣ ወርቁን ያመሰግናል። ኢዮብም በ28ኛው ምዕራፍ ሰው ከሚኖርበት ርቆ በጨለማ የሚቆፍረውን ሠራተኛ ይገልጻል እንጂ አይነቅፈውም። እዚያው ላይ ለጥበብ ዋጋ ሲፈልግላት የኢትዮጵያን ቶጳዝዮን እንኳ ቆጥሮ አይተካከላትም ይላል፤ የአገራችን ድንጋይ በዚያ ሚዛን ላይ መውጣቱ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሚዛኑን አላነሣም።

ስለዚህ ልጁን አትውረድ አላልሁትም፤ ዕዳ አለበት። የተቦረቦረ ገደል ሥር እንዳይገባ፣ ብቻውን እንዳይቆፍር፣ ሰንበትን እንዲያከብር ግን አስማልሁት። መማሉን ሳይሆን መፍራቱን ነው ያመንሁት። ለእናቱም ጊደሯን የሚተካላት ገንዘብ ሳይሰጥ ለሌላ ነገር አንዲት ሳንቲም እንዳያወጣ ነገርሁት፤ በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም።

ድንጋዮቹን ትቷቸው ሄደ። በቤተ ልሔሙ ግድግዳ ሥር አሉ፤ ልጆች ይጫወቱባቸዋል። እርሱ ባለፈው ኅዳር እንደገና ወርዷል፤ እናቱ በየሰንበቱ በር በሩን ታያለች። በጸሎታችሁ አስቡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።