የግድያ ምስጢርና የመዝገብ ጥቅም
(በሬዲዮ የተነገረ)



የመንግሥት ሠራተኛ የቀኑን ሥራ ፈጽሞ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ለመንፈሱ ዕረፍት ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ መልካም ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ከልብ ወለድም ወገን ዛሬ የማነሣላችሁ ባለፈ ዘመን የተፈጸመውን ግድያ ምስጢር እየመረመረ የሚተርከውን ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን ዓይነት መጽሐፍ የጊዜ ማባከኛ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ግን ደስታውም ትምህርቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን ለማስረዳት እወዳለሁ።

ጆሴፊን ቴይ የተባሉት ስኮትላንዳዊት ደራሲ በ1951 እ.ኤ.አ. «የጊዜ ልጅ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ የፖሊስ መርማሪ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። ከአልጋው ሳይወርድ የሚመረምረውም በ1483 እ.ኤ.አ. በለንደን ግንብ ውስጥ እንደ ገቡ የቀሩትን የሁለት ወንድማማች ልዑላን ነገር ነው። ሕፃናቱን ያስገደላቸው አጎታቸው ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ተጽፏል። መርማሪው ሽጉጥ አይመዝዝም፤ ወንጀለኛም አያባርርም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ይህን ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ነገሩ ሲሆንስ በዓይኑ አይቷልን? ከከሳሾቹ ዋና የሆነው ቶማስ ሞር በዚያን ጊዜ የአምስት ዓመት ገደማ ሕፃን እንደ ነበረ ሲደርስበት፣ አንባቢው መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቅተዋል። መርማሪው በመጨረሻ ንጉሡን ነጻ ያወጣዋል፤ የታሪክ ሊቃውንት ግን በዚህ ፍርድ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ስለዚህ የመጽሐፉ ጣዕም ያለው ከፍርዱ ይልቅ በጥያቄው ላይ ነው። ርእሱም የተወሰደው እውነት የጊዜ ልጅ ናት ከሚለው የቆየ ምሳሌ ሲሆን፣ እኛም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። አቶ በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተሙት «ኦሮማይ» የ1974ቱን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ በአስመራ ስለ ነበረው ስለላ፣ ፍቅርና ሞት ይተርካል። በወጣበት ጊዜ የቅርብ ወሬ የነበረው ነገር ለዛሬ አንባቢ ታሪክ ሆኗል። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ የነበሩት ደራሲም ከሥራቸው ተሰናበቱ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ ሳይመለሱ ቀሩ። መኪናቸውም ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ተገኘች።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምትኖሩ አንባብያን ሆይ፤ ከጎተራ ተነሥቶ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ይህ መንገድ ጠዋትና ማታ የምትመላለሱበት ነው። «ኦሮማይ»ን ያነበበ ሰው በዚያ ሲያልፍ የልብ ወለድንና የሕይወትን ልዩነት ያስተውላል። ልብ ወለዱ መጨረሻ ምዕራፍ አለው፤ የደራሲው ነገር ግን መጨረሻ ምዕራፍ አልተጻፈለትም። ለለንደኑ ነገር ከአራት መቶ ዓመት በኋላም የሚገለጥ ወረቀት፣ የሚመረመር ቀን፣ የሚነበብ ፊርማ ተገኝቷል። ለአቶ በዓሉ ነገር ግን ጥያቄውን የሚዘጋ መዝገብ ለሕዝብ አልቀረበም፤ ቤተ ሰብና አንባቢም ዛሬ ድረስ እየጠየቁ ይኖራሉ።

እንግዲህ እውነት እያደር የሚጠራው በራሱ አይደለም፤ የጻፈና ያስቀመጠ ሰው ሲኖር ነው። አባቶቻችንም «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ስለዚህ ክቡራን፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስታነቡ ገዳዩን ለማወቅ ብቻ ወደ መጨረሻው ገጽ አትቸኩሉ፤ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች እየጠየቃችሁ አንብቡ። በማግስቱም ቢሮ ስትገቡ፣ በእጃችሁ የሚያልፈው ደብዳቤ ቀኑና ፊርማው የተሟላ፣ በመዝገቡም በቦታው የተቀመጠ መሆኑን ተመልከቱ። ያ ወረቀት አንድ ቀን የጠፋ ሰው ያለበትን የሚናገር ብቸኛ ምስክር ይሆን ይሆናል።